እማዬን ይዘን ፖቶማክ ዳር ያደርንባቸው ሦስት ሌሊቶች

እማዬ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጉብኝት አለፉ። ዲሲን አሳየናት፣ ሐውልቶቹን በመኪና ዞርን፣ ዘመድ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ ግን ውሎዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን መስኮት ሥር ሆነ። እኛ ሥራ እንሄዳለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሷ ከመስኮቱ ጋር ትቀራለች። አንድ ቀን "ልጄ፣ ይህ አገር እግረኛ የለውም እንዴ?" አለችኝ። ያ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ።

ራቅ አድርጌ እንዳልወስዳት ሦስት ነገር ያዘኝ። ጉልበቷን ያማታል። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ሽንት ቤት ትነሳለች። ጊዜው ደግሞ የሰኔ ጾም ነበር። ሬስቶራንት ገብታ "ይሄ ቅቤ ነክቶት ይሆን?" እያለች መሳቀቅ አትወድም። በዚህ ጉልበት ድንኳን አይታሰብም። ሆቴል ብንይዝ ሽሮዋን የት ታንተከትካለች? ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራላት "አርቪ ለምን አትከራዩም?" አለችኝ። አርቪ ማለት አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለፈረንጅ ጡረተኛ ብቻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወላጅ ከአገር ቤት ለሚመጣባችሁ ሁሉ በሙሉ ልቤ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሰው አልጋውን፣ ድስቱንና ሽንት ቤቱን ይዞ ወንዝ ዳር ሊያድር ይችላል። ግን ሳላውቅ የገባሁባቸው ነገሮች አሉ። እናንተ አውቃችሁ እንድትገቡበት ብዬ ነው የምጽፈው።

የሄድነው ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ነው። ፖቶማክና ሸናንዶዋ የሚባሉት ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት፣ ዌስት ቨርጂኒያ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ታሪካዊ ከተማ ናት። ያደርነው ግን ከከተማዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሜሪላንድ በኩል ብሩንስዊክ አጠገብ፣ ፖቶማክ ዳር ባለ ካምፕ ግራውንድ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ 50 ማይል ቢሆን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አርቪ የሚነዳ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። አንድ ነገር ቢጎድላችሁ ቤታችሁ ቅርብ ነው።

የተከራየነው ክላስ ሲ የሚባለውን ነው። ፊቱ ቫን ነው፣ ከኋላው ቤት ተሸክሟል፣ ከሾፌሩ አናት በላይ ደግሞ አልጋ አለው። ልጆቹ ሳንነሳ ነው በዚያች አልጋ የተጣሉት። ርዝመቱ 25 ጫማ ነበር። የተለየ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም፣ በተራው መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚያህለው ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። ክላስ ቢ ደግሞ ጠባብ ቫን ነው፤ ለአምስት ሰው አይሆንም።

አዛውንት ከያዛችሁ ከመከራየታችሁ በፊት ገብታችሁ እዩት። ለሳቸው የሚሆነው አልጋ መሬት ላይ ቆመው ቁጭ የሚሉበት ከፍታ መሆን አለበት። አንዳንዱ መኪና የኋላው አልጋ ከግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ ውስጥ የተኛው ሰው ሌላውን ተሻግሮ ነው የሚወርደው። የእማዬን አልጋ የመረጥነው ወደ ሽንት ቤቱ ሁለት እርምጃ ስለሆነ ነው። የበሩ ደረጃ ከፍ ስለሚል አንድ ጠንካራ በርጩማ ይዘን ሄድን። ያ በርጩማ ከጫንነው ዕቃ ሁሉ በላይ ጠቀመን።

ኪራዩን ስትዋዋሉ በቀን ስንት ማይል እንደተፈቀደላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ካለፋችሁ በማይል ያስከፍላሉ። ጄኔሬተሩን ያስነሳችሁበትም ሰዓት ይቆጠራል። ነዳጁንም አስቡት፤ የኛው በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነበር የሚሄደው። ከሁሉም በላይ የመኪናውን ቁመት ጠይቃችሁ በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ፊት ለፊት ለጥፉት። ስልካችን ላይ ያለው ተራ ካርታ ዝቅ ያለ ድልድይ መኖሩን አይነግራችሁም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ያንን ወረቀት አይቶ ነው መንገድ የቀየረው። በባልቲሞር በኩል የምትመጡ ደግሞ ከወደቡ ሥር ባሉት ሁለት ዋሻዎች አርቪ የሚይዘውን ያህል ፕሮፔን (የማብሰያ ጋዝ) ጭኖ ማለፍ ክልክል መሆኑን እወቁ። ዞራችሁ ኑ።

ቦታ ስትይዙ ሁለት ቃላት ታያላችሁ። ፉል ሁካፕ የሚለው መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር በቆማችሁበት ቦታ አለ ማለት ነው። የኛ ቦታ መብራትና ውሃ ብቻ ነበረው። ፍሳሹን የሚደፋበት ጣቢያ መውጫው ላይ ነው፤ ዳምፕ ስቴሽን ይሉታል። እኔ ልዩነቱ ብዙም አልታየኝም ነበር። አምስት ሰው ሦስት ሌሊት ሲሆን ግን ይታያል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ መብራቱ። እማዬ "ሌላው ቢቀር ቂጣ ልጋግርላቸው" ብላ የኤሌክትሪክ ምጣዷን አስጫነችን። የደረስን ዕለት ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ኤሲው ተከፍቷል። የሻወሩን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለርም በኤሌክትሪክ ላይ ነበር። ምጣዱ ተሰካ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ነገር ድርግም።

"እዚህም መብራት ይሄዳል?" አለች እማዬ ከልቧ ገርሟት።

መብራቱ አልሄደም። ብሬከሩ ነው የወደቀው። የኛ መስመር 30 አምፔር ነበር። 30ን በ120 ቮልት ስታባዙት 3600 ዋት ይመጣል፤ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ኤሲው ብቻውን ወደ 1500 ዋት ይወስዳል። ቦይለሩ ከ1400 አያንስም። ምጣዱ ደግሞ ሌላ 1500 ገደማ። ደምሩት። መፍትሔው ቀላል ነው። ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ወደ ፕሮፔን አዙሩት፣ ማብሪያው ግድግዳው ላይ አለ። ምጣድ ሲጣድ ኤሲው ይጥፋ። ማይክሮዌቭም እንደዚያው። ምጣዳችሁ ስንት ዋት እንደሚወስድ ከሥሩ ተጽፏል፣ ከቤት ሳትወጡ አንብቡት። 50 አምፔር መስመር ያለው መኪናና ቦታ ካገኛችሁ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። እንጀራውን ግን ቤት ጋግራችሁ ሂዱ።

ምግቡን በተመለከተ አያቶቻችን መንገደኛ ሆነው ሲሄዱ የሚይዙት ስንቅ ለአርቪ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ሽሮ። ፍሪጁ ትንሽ ነው፣ እነዚህ ደግሞ ፍሪጅ አይፈልጉም። እማዬ ጠዋት በሶ በጠበጠች፣ ቀን ድርቆሽ ፍርፍር፣ ማታ ሽሮ። ልጆቹ ቤት ውስጥ የማይነኩትን በሶ ወንዝ ዳር ሲሆን ተሻሙበት።

አሁን ደግሞ በጣም ጠንክሬ ልናገር የምፈልገው ነገር። ቡና እናፈላለን። ቡና ካለ ከሰል አለ። እባካችሁ ከሰል አርቪ ውስጥ አታስገቡ። መስኮት ቢከፈትም፣ ለአምስት ደቂቃ ቢሆንም፣ ውጪ ዝናብ ቢዘንብም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት በዚያው ይቀራል። አገር ቤት "ከሰል ገደላቸው" እየተባለ በየክረምቱ የምንሰማው እኮ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። አርቪ ደግሞ ከአንድ መኝታ ክፍል አይበልጥም። ውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ አለ። እንደገባችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ቡና መቁላቱም ቢሆን ውጪ ይሁን፣ ጭሱ የእሳት አደጋ ደወሉን ያስጮኸዋል።

እኛ ረከቦቱን ውጪ ከጠረጴዛው አጠገብ ዘረጋን። ሳር ከሥሩ አለ፣ መጎዝጎዝ አላስፈለገንም። እማዬ ዕጣኑን ስታጨስ ከጎናችን የቆሙት አዛውንት ፈረንጅ ወንበራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀረቡ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከባለቤታቸው ጋር ዓመቱን ሙሉ አርቪ ውስጥ እንደሚኖሩ ነገሩን። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተው ነው የተነሱት። እማዬ ቋንቋቸውን አታውቅም፣ እሳቸውም የሷን። ግን "በረካውን ሳይጠጡ እንዳይነሱ" ብላ ስታስተረጉመኝ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ስለ ፍሳሹ ያስተማሩን እኚሁ ሰው ናቸው። መኪናው ሥር ሁለት ታንክ አለ። ብላክ ታንክ የሽንት ቤቱን ይይዛል። ግሬይ ታንክ የሻወሩንና የዕቃ ማጠቢያውን። እኛ አገር ቤት እንደለመድነው ዕቃ በሚወርድ ውሃ ስናጥብ፣ ልጆቹ ሻወር ውስጥ ሲዘፍኑ፣ ግሬይ ታንኩ በማግስቱ ማታ ሞላ። ሲሞላ ውሃው በሻወሩ ወለል በኩል ተመልሶ ይመጣል። እንዳይደርስባችሁ ዕቃውን በሳፋ እጠቡ። የሽሮውን ዘይት በወረቀት ጠርጋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ ወደ ታንኩ አትልቀቁት። ሻወር የካምፑን መታጠቢያ ቤት ተጠቀሙ፤ የኛው ንጹሕ ነበር።

ስትደፉ ብላክ ታንኩን አስቀድሙ። ግሬይ ታንኩ ይከተላል፣ ምክንያቱም የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦላችሁ ይወጣል። ጓንት አድርጉ። የሽንት ቤት ወረቀቱ ለአርቪ ተብሎ የተሠራው ቶሎ የሚሟሟ ዓይነት ይሁን። እርጥብ ሶፍት የሚባለው ፈጽሞ እንዳይገባ። የመጠጥ ውሃው ጎማ ነጭ ነው፤ ለብቻው ይቀመጥ፣ ከፍሳሹ ዕቃ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይግባ። የውሃው ግፊት አንዳንድ ቦታ ስለሚበረታ የውስጡን ቧንቧ እንዳያፈነዳ ሬጉሌተር የምትባል ትንሽ ነሐስ ዕቃ መሀል ላይ ትገባለች። ካከራያችሁ ሰው ጠይቁ።

በሁለተኛው ቀን ከተማዋን ልናይ ወጣን። ታችኛው ከተማ ውስጥ ለአርቪ ቀርቶ ለትንሽ መኪናም ማቆሚያ ማግኘት ጭንቅ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው የጎብኚዎች መቀበያ ሰፊ ማቆሚያ አለው፤ ከዚያ አውቶቡስ ወደ ታች ያወርዳችኋል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ለመኪና 20 ዶላር ይከፈላል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ግን በስሙ ነፃ መግቢያ ከኢንተርኔት ማውጣት ይቻላል፤ መኪናው ውስጥ ያለ ቤተሰብ በሙሉ በሱ ይገባል። ትልቁ ልጄ የመግቢያ ወረቀቱን ለጠባቂዋ ሲሰጥ ቤተሰቡን የጋበዘ ነበር የሚመስለው።

እግር ያለው ከካምፑ በቀጥታ በወንዙ ዳር ባለው የበቅሎ መንገድ ሊሄድ ይችላል። በድሮ ጊዜ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል የሚሄድ የጀልባ ቦይ ነበር። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት ዳር ዳሩን የሚሄዱ በቅሎዎች ናቸው። በ1924 ሥራውን አቆመ። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) መንገዱ ግን ዛሬም አለ፣ ሜዳ ነው፣ ጥላ ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ማይል ያህል ትሄድበት ነበር፤ በቅሎ ጀልባ ትጎትት እንደነበር ስነግራት በጣም ደስ አላት። እስከ ከተማዋ ድረስ ግን ወደ ስድስት ማይል ነው፣ ደግሞም ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ለመውጣት ጠመዝማዛ ደረጃ አለው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይሆንም።

ታችኛው ከተማ እንደደረስን ወደ ጆን ብራውን ምሽግ ሄድን። ምሽግ ይባላል እንጂ ትንሽ የጡብ ቤት ናት፤ እዚያ የነበረው የመንግሥት ጦር መሣሪያ ፋብሪካ የእሳት ማጥፊያ ማሽን የሚያቆምባት ነበረች። ጥቅምት 16 ቀን 1859 ሌሊት ባርነትን የሚታገለው ነጩ ጆን ብራውን 21 ሰዎችን ይዞ እዚህ ከተማ ገባ። ሐሳቡ የመንግሥትን የጦር መሣሪያ ይዞ በባርነት ያሉትን ነፃ ማውጣት ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በሮበርት ሊ የሚመራ የባሕር ኃይል ወታደር በሩን ሰብሮ ያዘው። ታኅሣሥ 2 በዚያው አካባቢ ቻርልስ ታውን በምትባል ከተማ ተሰቀለ። አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ።

ለእማዬ ጊዜውን ላስረዳት ብዬ "አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በአምስተኛው ዓመት" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ዘመኑ ገባት።

እሷን የያዛት ግን የጆን ብራውን ታሪክ አልነበረም። ከሱ ጋር ከመጡት አምስት ጥቁሮች አንዱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ይባላል። እሱ ነፃ ወጥቷል። ሚስቱ ሀሪየትና ልጆቹ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ባርነት ላይ ነበሩ። ሊገዛቸው ገንዘብ አሰባስቦ ነበር፣ አልተሳካለትም። ሚስቱ ቶሎ ድረስልኝ፣ ሊሸጡኝ ይችላሉ እያለች ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። ከጆን ብራውን ሰዎች መጀመሪያ የተገደለው እሱ ነው። ደብዳቤዎቿ ከሬሳው ላይ ተገኙ።

ይህን ስተረጉምላት እማዬ የድንጋዩ አጥር ላይ ቁጭ አለች።

"ሚስቱን ሊያወጣ ነዋ የመጣው" አለች።

"አዎ እማዬ።"

"ልጆቹስ?"

ከዚያ በኋላ ወደ ሉዊዚያና እንደተሸጡ ነገርኳት። ረጅም ሰዓት ዝም አለች። በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካክላ "ነፍሱን ይማር" አለች፣ እንደ ዘመድ። እኔ ዲሲ አካባቢ አስራ አራት ዓመት ኖሬ ወደዚህች ከተማ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ለዚያ ሰው ነፍስ ይማር ማለት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ልጆቻችሁን ስትወስዱ ታሪኩን ሳታሳጥሩ ንገሯቸው። በዚያ ሌሊት መጀመሪያ በጥይት የተመታው ሰው ሄይዋርድ ሼፐርድ ነበር። ነፃ የሆነ ጥቁር ሰው ነው፣ ባቡር ጣቢያው የሚሠራ፤ የገደሉትም የጆን ብራውን ሰዎች ናቸው። ትልቁ ልጄ ይህን ሰምቶ "ታዲያ ለምን?" አለ። እስከ ማታ ድረስ ስለሱ ሲጠይቀኝ ዋለ። ከዚያ የተሻለ የታሪክ ትምህርት የለም።

ኮረብታው ላይ ደግሞ ስቶረር ኮሌጅ የነበረበት ግቢ አለ። በ1867 ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተከፈተ ነው፣ በ1955 ተዘጋ። በነሐሴ 1906 የጥቁሮች መብት ታጋዩ ዱ ቦይስና ጓደኞቹ ለእኩልነት ያቋቋሙትን የናያግራ ንቅናቄ ስብሰባ እዚህ አደረጉ፤ አድዋ ከሆነ አስር ዓመቱ ነው። የዚያን ጊዜ የጆን ብራውን ቤት አንድ እርሻ ውስጥ ነበረች። (ቤቷ ብዙ ተንከራታለች፤ ቺካጎ ድረስ ተወስዳ ተመልሳለች።) ተሰብሳቢዎቹ ማለዳ ተነስተው ወደ እርሻው በእግር ሄዱ። ከመካከላቸው ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ በባዶ እግሩ የሄደ ነበር፣ ቅዱስ መሬት ነው ብሎ። አሜሪካኖች ይህን ሲተርኩ እንደ ልዩ ነገር ነው የሚተርኩት። እማዬ ግን "ታዲያስ! ደም የፈሰሰበት አይደል?" ብላ አለፈችው።

የጀፈርሰን ድንጋይ የሚባለውን ከትልቁ ልጄ ጋር ብቻችንን ወጣን፤ ደረጃው ዳገት ነው፣ አዛውንት አታስወጡ። ሁለቱን ወንዞች ከላይ ማየት ለሚችል ግን ያምራል።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ አንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የተሰመሩ ምልክቶች አየን። እያንዳንዱ አንድ ጎርፍ የደረሰበት ነው። ከሁሉም በላይ ያለው የ1936 ነው፣ 36.5 ጫማ። ወደ ላይ አንጋጣችሁ ነው የምታዩት። ያ ጎርፍ ድልድዮችን ጠርጎ ወስዷል፤ ምሰሶዎቹ ዛሬም ውሃው ውስጥ ቆመው ይታያሉ። እማዬ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስነበበችኝ። ከዚያ "እኛ ያለንበትስ?" አለች።

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ማታ ልመልሳችሁ። እንደደረስን እማዬ ወደ ወንዙ ወርዳ ነበር። የወደቀ እንጨት አንስታ ልክ ውሃው ጠርዝ ላይ ተከለችው። "ምን እያደረግሽ ነው?" ስላት፣ "እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ወንዝ ዳር ጥጃ አይታሰርም። ውሃ ሲመጣ ድምፅ የለውም" አለችኝ። እኔ ሰማዩን አይቼ ነበር፣ ጥርት ያለ። ቦታውንም ስመርጥ ዕይታውን ብቻ ነው ያየሁት፤ ከውሃው ሃያ እርምጃ የማይሞላ።

ከከተማዋ ተመልሰን እራት ስንቀርብ እማዬ ከወንዙ ዳር ተጣራች። እንጨቷ በግማሽ ውሃ ውስጥ ገብታለች። የውሃው ቀለም ጠዋት ካየነው ተለውጧል፤ ቡና በወተት መስሏል። ቅጠልና ጭራሮ ያንሳፍፋል። ከላያችን ግን አንድ ጠብታ አልዘነበም።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩንስዊክ ያለችው ሁለቱ ወንዞች ከተገናኙበት በታች ነው። ከምዕራብ ተራሮች የዘነበው በፖቶማክ፣ ከደቡብ ከቨርጂኒያ ሸለቆ የዘነበው በሸናንዶዋ ይመጣል። ሁለቱም ተደምረው ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። ዝናቡ ትናንት ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ከራሳችሁ በላይ ያለው ሰማይ ምንም አይነግራችሁም።

ቢሮው ዝግ ስለነበር በሩ ላይ በተለጠፈው የማታ ስልክ ደወልን። የመጡት ሰውዬ ትንበያውን አሳዩን። የዚያን ሌሊት ውሃው ቦታችን ድረስ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ግን ከላይ ክፍት ቦታ ስለነበረ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንድንዛወር ፈቀዱልን። መብራቱን መንቀል፣ ጎማውን መጠቅለል፣ መደገፊያዎቹን ማንሳት፣ ውስጥ የተበተነውን መሰብሰብ፣ ልጆቹን ማሰር፤ በጨለማ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። እማዬ ሽሮዋን በእጇ ይዛ ነው የተቀመጠችው።

ስለዚህ ወንዝ ዳር የምትሄዱ ይህን አድርጉልኝ። ቦታ ስትይዙ ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ጠይቁ። የመውጫው መንገድ ዝቅ የሚልበት ቦታ ካለ ደግሞ ያንን ለይታችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ከናንተ ቦታ በፊት መንገዱ ሊሸፈን ይችላል። መኪናውን ፊቱን ወደ መውጫው አድርጋችሁ አቁሙ። ማታ ስትተኙ ውጪ የተበተነ ዕቃ አይኑር። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የሃርፐርስ ፌሪን የወንዝ ከፍታ በየሰዓቱ በኢንተርኔት ያወጣል፣ የሚቀጥሉትን ቀናት ትንበያ ጭምር። ኔትወርክ ሊያስቸግር ስለሚችል ገጹን ቀን ላይ ክፈቱት። መንገድ ላይ ውሃ ካያችሁ ጥልቀቱን ልሞክር ብላችሁ በመኪና አትግቡበት።

ለልጆችም እንዲሁ። ወንዙ ከላይ የተኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ድንጋይና ኃይለኛ ጅረት አለው። በየዓመቱ ሰው ይወስዳል። የኛ ልጆች ጠርዙ ላይ ለመጫወት እንኳ ላይፍ ጃኬት አድርገው ነበር። ማታ ማታ መዥገር ፈትሹላቸው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ ወገብ ላይ። ላይም የሚባለው በሽታ እዚህ አካባቢ አለ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል ቅጠል ካዩ አይንኩ፣ ፖይዝን አይቪ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። የማገዶ እንጨት ከቤት አትጫኑ፤ ዛፍ የሚገድል ተባይ ከቦታ ቦታ ስለሚያዛምት እዚያው ነው የሚገዛው።

ባቡርም አለ። ብሩንስዊክ የባቡር ከተማ ናት፣ ሐዲዱ ከካምፑ አጠገብ ያልፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ የዕቃ ባቡር ይጮኻል። ባለቤቴ ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ ነው ያደረው። እማዬ ግን ወደደችው። "ሰው አለ ማለት ነው" አለች።

ሦስተኛው ሌሊት ከፍ ካለው ቦታ አለፈ። ወንዙ ከዚያ ሆኖ ባይታይም ድምፁ ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ታንኮቹን ሊደፋ ሲሄድ እኔና እማዬ ወደ ድሮው ቦታችን ወረድን። ውሃው ጎድሏል። የደረሰበት ቦታ ላይ ጭቃና ጭራሮ መስመር ሠርቷል፤ ጠረጴዛችን ከነበረበት ስምንት እርምጃ ይቀረዋል። እንጨቷ የለችም።

እማዬ ዙሪያዋን ፈልጋ ሌላ አነሳች። ጠርዙ ላይ ተክላ በእግሯ አጠበቀቻት።

"እኛ እኮ እየሄድን ነው" አልኳት።

"ዛሬ ማታ የሚመጣ ሰው አለ አይደል?" አለች።